ሩመይሳን ለኮሪያ የሰጡ ዕለት

ኑሩ በሕይወቱ እንደዚያ ሳምንት ስልኩ ጮኾለት አያውቅም። የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ሰው የሚፈልገው ሻንጣ ሲከብደው ነው፤ ሻንጣው ከወረደ በኋላ ስሙን የሚያስታውስለት የለም። በፈረንጆቹ 2011 ሚያዝያ ላይ ግን ልጁ ሩመይሳ ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ ልታስተምር መሆኑ፣ ደመወዟም በወር ሁለት ሚሊዮን መሆኑ በሚኖሩባት የአሜሪካ ከተማ በኬንት ተሰማ። እንዴት እንደተሰማ አትጠይቁ። ሚስቱ ዘይቱና የነገረችው ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ነው፤ ጎረቤቲቱም ለማንም እንዳትናገር አደራ ስለተባለች ለሁሉም ነገረች።

ሚሊዮኑ የኮሪያ ዎን እንጂ ዶላር እንዳልሆነ እስኪጣራ ድረስ ኑሩ አንድ ቀን ተኩል ያህል የሚሊየነር አባት ሆኖ ኖረ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አሥር ዓመት ድምፁን ሰምቶት የማያውቅ የአጎቱ ልጅ ከአትላንታ ደውሎ ስለ ጉልበቱ ሕመም ጠየቀው። መስጊድ ሲገባ ፊተኛው ሰልፍ ላይ ቦታ ተለቀቀለት። እሱም ራሱ አላረፈ፣ ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር በሻትሉ መስታወት ፂሙን እያየ ማስተካከል ጀመረ። በማግስቱ ሩመይሳ በስልኳ አስልታ፣ ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ዎን ማለት አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዶላር ገደማ እንደሆነ ስታስረዳው እጁን ከፂሙ አወረደ። ከዚያ እሱም ቢሆን የሰው ደመወዝ ነው አለና ራሱን አጽናና።

ያላጽናናው ሌላ ነገር ነው። ሩመይሳ ወረቀቱን እያነበበችለት ሳለ፣ ትምህርት ቤቱ የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚቆርጥላት፣ ከዚያም በላይ ቤት በነፃ እንደሚሰጣት ነገረችው። ኑሩ እዚህ ላይ ጆሮውን ቀሰረ። እሱ በተወለደበት በቡታጅራ አካባቢ ለሴት ልጅ ቤት የሚሰጣት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባሏ ነው። ባል ደግሞ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ዘሩ ሳይጠየቅ፣ ጠባዩ ሳይጣራ ልጅ ይዞ አይሄድም። ትምህርት ቤትም ቢሆን ቤት እስከሰጠ ድረስ ከዚህ ሕግ የሚያመልጥበት ምክንያት አልታየውም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የመጨረሻውን ውል ለመነጋገር እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስካይፕ እንደሚደውሉ ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነለት። ልጅ ሊጠይቁ ነው። ስለዚህ እሱም ሽማግሌዎቹን ጠራ።

ሩመይሳ ይህን ስትሰማ ሶፋው ላይ ተዘርራ ፊቷን በትራስ ሸፈነች።

«አባ፣ ጆብ ኢንተርቪው ነው» አለች ከትራሱ ሥር። «ሰው ይዞ አይገባም።»

«እኔስ ሌላ ነው አልኩሽ? ግን ቤት ነው የሚሰጡሽ። እንዲያው ዝም ብዬ ልልቀቅሽ?»

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ኮሌጅ የምትጨርሰው በሰኔ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከትምህርቷ ጎን ለጎን የገበያ አዳራሹ ጫማ ቤት ውስጥ የሰው እግር ስትለካ ኖራለች። ስለዚያ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም አይነግራችሁም። ኑሩና ዘይቱና የኬንቱን ቤት የገዙት ሁሉም ሰው ቤት በሚገዛበት ጊዜ ነው። ከዚያ የዘይቱና የሥራ ሰዓት በግማሽ ተቀነሰ፤ የቤቱ ዕዳ ግን አልተቀነሰም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ፍሪጁ ላይ አንድ ነጭ ፖስታ ይቀመጣል፤ ውስጡ ሦስት መቶ ዶላር ይኖራል። በማግስቱ ፖስታው የለም። ማን አስቀመጠው፣ ማን ወሰደው፣ ተብሎ አይታወቅም። ኑሩ ያንን ፖስታ በወሰደ ቁጥር ለልጁ ነዳጅ ሞላሽ ወይ፣ ጎማሽን አሳየሽ ወይ ብሎ ኮስተር ያለ ጥያቄ ይጠይቃታል። አባትነቱ እንዳይጠፋበት ነበር የሚጠይቃት፤ እሷም ይህን ታውቅ ነበርና ስለ ጎማው በዝርዝር ትመልስለታለች።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሐጂ አወል፣ ኬንት ውስጥ በርበሬም፣ የስልክ ካርድም፣ ሐዋላም በአንድ ባንኮኒ የሚሸጡት ባለሱቅ ናቸው። የማጣራቱ ሥራ ለሳቸው ተሰጠ። እሳቸውም ከሱቃቸው ጎን ቴሪያኪ የሚባል የዶሮ ጥብስ የሚሸጠውን ኮሪያዊ፣ ትምህርት ቤቱ ስላለባት ዴጉ ስለምትባለው ከተማ ምሳ ሰዓት ጠብቀው መረመሩት። ውጤቱን ይዘው ሲመጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። አገሩ በበጋ ይሞቃል፤ ፖም ያበቅላል፤ ሰዎቹ ትንሽ ግትር ናቸው፤ ግን ታላቅ ያከብራሉ። ኑሩ ፖሙን ሲሰማ ገበሬ ናቸው ማለት ነው ብሎ ልቡ ረጋ።

ሁለተኛው ጋሽ ገብረሕይወት ናቸው። የዓዲግራት ሰው ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ ኑሩን ራሱን ቡታጅራ ሰባተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ኬንት አጠገብ ቡሪየን ውስጥ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ቲኬት ይቆርጣሉ። ኑሩ አሁንም እሳቸው ፊት እጁን ኪሱ ውስጥ አይከትም።

እሑድ ደረሰ። ዘይቱና ከጠዋት ጀምራ ሳምቡሳ ስትጠብስ ዋለች። እንግዶቹ ያሉት ከውቅያኖስ ማዶ እንደሆነ ሩመይሳ ሁለቴ አስታወሰቻት፤ ዘይቱና ግን ሰው ቤት ሲመጣ ባዶ ጠረጴዛ አይጠብቀውም አለች፣ በምን እንደሚመጣ የሷ ጉዳይ አይደለም። ላፕቶፑን ባለመደገፊያው የክብር ወንበር ላይ፣ በሁለት ትራስ አስቀመጡት። ፊት ለፊቱ ሦስቱ ወንዶች በሙሉ ልብስ፣ ከረባት ሳይቀር፣ ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሩመይሳ ከጥግ በኩል፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ እንዲታይ ሆና ተጠጋች። ቢቻላት እሱንም ትቀንሰው ነበር።

ስካይፑ ጮኸ፤ ሦስቱም ብድግ አሉ። ስክሪኑ ላይ በመጀመሪያ የታዩት ሰማያዊ ጃኬት የለበሱ፣ ፀጉራቸው አጠር ያለ ሴትዮ ነበሩ፤ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ቾይ። ከጎናቸው አንዲት ቀጭን ወጣት ተቀምጣለች፤ ሱጂን የምትባል፣ ከሩመይሳ ጋር አንድ ክፍል አብራ የምታስተምር ኮሪያዊት። እነሱ በበኩላቸው ምን እንዳዩ በኋላ ነው የታወቀው። አንድ ትሪ ሳምቡሳ፣ ከትሪው በላይ ደግሞ ሦስት ከረባት።

ሐጂ አወል ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ የኖሩባቸውን ቦታዎች ተናገሩ። ቀጥለው እንግዳዋ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቁ። ሩመይሳ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። አሁን ይስቁብናል፤ ወይ ይዘጉታል፤ ሥራዬ አለቀለት ብላ ጠረጴዛውን ጨበጠች።

ወይዘሮ ቾይ አልሳቁም። ከወንበራቸው ተነሥተው ለሐጂ አወል ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሱ። ከዚያ አባታቸው ማን እንደሆኑ፣ የዘራቸው መነሻ የት እንደሆነ፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆኑ በሥርዓት ዘረዘሩ፤ እሳቸውም ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሐጂም ራሳቸውን እየነቀነቁ ለኑሩ የጨዋ ልጅ ናት ብለው በአማርኛ ምስክርነታቸውን ሰጡ። ዳይሬክተሯ አሥራ ሁለት ዓመት የውጭ አገር አስተማሪ ሲቀጥሩ የማንም አባት ወጥቶ እንዳላናገራቸው ተናገሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ከአንድ ካናዳዊ ጀርባ ውሻ አልፎ ነበር። እንግዲህ አባት ያለው አስተማሪ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸዋል።

ኑሩ ይህን ሲሰማ ደረቱ ነፋ አለ። በዚያች ደቂቃ ኮሪያን ቢጠይቁት ሙሉዋን በሻትሉ ጭኖ ኤርፖርት ያደርስላቸው ነበር። ሁሉም ነገር በሰርግ ቤት ፍጥነት እየሄደ ሳለ ጋሽ ገብረሕይወት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ሲጠርጉ ኑሩ እንደ ሰባተኛ ክፍሉ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ጋሼ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይቺ አጠገብዎ ያለችው ልጅ፣ የአገሬዋ አስተማሪ፣ ስንት ታገኛለች?

ሩመይሳ ይህ አይጠየቅም ብላ በዓይኗ ለመነቻቸው፤ ጋሼ ግን አላይም አሉ። ወይዘሮ ቾይ ሳይደብቁ መለሱ፤ አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ። ቤት የለውም፤ ቲኬት የለውም። ሱጂን ደግሞ በሥራው አራት ዓመት ቆይታለች።

ጋሽ ገብረሕይወት ሶፋው ላይ ተመቻቹ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የያዙት ነገር መውጫ ቀዳዳ አገኘ። ቡታጅራ ሳሉ ከሳቸው ጋር አንድ የስታፍ ክፍል የሚቀመጥ ህንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ደመወዙ የሳቸውን ሦስት እጥፍ ነበር፤ ቤት ተሰጥቶታል፤ ለቤቱ ዘበኛ አለው። የሳቸው ምሳ ግን እናታቸው ከዓዲግራት የሚልኩላቸው በሶ ነበር። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበር፤ ጋሼ ይህን አልካዱም፤ ሒሳብም ይችላል። ግን ለምን? አሁን ዞሮ ዞሮ የራሳቸው ልጅ ህንዳዊው ሆና ልትቀመጥ ነው። ስለዚህ ለዳይሬክተሯ፣ ሱጂን ተበድላለችና ደመወዟ ይስተካከል ብለው አጥብቀው ጠየቁ። ሽማግሌነታቸው ለማን እንደሆነ ጨርሰው ረሱት። ኑሩ በክርኑ ጎሸም ሊያደርጋቸው ፈለገ፤ አስተማሪው ናቸውና አልደፈረም።

ሱጂን አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እሷ ምንም አልጎደላትም። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከወላጆቿ ጋር ነው፤ ምሳዋን እናቷ ትቋጥርላታለች፤ ስልኳንም ኢንሹራንሷንም የሚከፍለው አባቷ ነው፤ ወደፊት ስታገባም ቤት በመያዙ ላይ ያግዟታል። ደመወዟን እንዲያውም ብዙ አትነካውም። ሐጂ አወል ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗት ሳታገባ ለምን ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ሩመይሳ ሳምቡሳ አጎረሰቻቸው።

ነገሩን ያበላሸው የወይዘሮ ቾይ ማብራሪያ ነው። እሳቸው በቅን ልቦና ነው የተናገሩት። ኮሪያዊ አስተማሪ ከጀርባው ቤተሰብ አለው፤ የሚጎድለውን ቤተሰቡ ይሞላለታል። የውጭ አገሩ ሰው ግን ብቻውን ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቤቱንም፣ ብርድ ልብሱንም፣ የሩዝ ማብሰያውንም ትምህርት ቤቱ ይሰጠዋል፤ ቤተሰብ የሌለው ሰው ሆኖ እንዳይቸገር።

ሩመይሳ እንዳለ ተረጎመችው። ማለስለስ ይገባት ነበር፤ ግን ጫፍ ላይ የደረሱ መስሏት ቸኩላ ነበር።

ቤተሰብ የሌለው ሰው። ኑሩ ደሙ ሽቅብ ሲወጣ ተሰማው። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሐጂ አቁሞ፣ አስተማሪውን ከቡሪየን አስመጥቶ፣ የሚስቱን ሳምቡሳ ደርድሮ፣ ልጁ ቤተሰብ የላትም ተባለ። ከሶፋው ብድግ አለ፤ ስክሪኑ ላይ ከረባቱ ብቻ ቀረ። ልጁ አባት እንዳላት፣ እናት እንዳላት፣ ከኬንት እስከ ቢከን ሂል ዘመድ እንዳላት ተናገረ። የሚያስፈልጋትን ሁሉ የሚያደርግላት እሱ ነው። ያሳደጋትም፣ ያስተማራትም፣ አሁንም የያዛት እሱ ነው። ያቺ ልጅ አባት ካላት የሱም ልጅ አባት አላት። ሩመይሳ ይህን ስትተረጉም ቀና ብላ አላየችውም፤ ቃል ግን አልቀነሰችም።

ወይዘሮ ቾይ እጅግ ደስ አላቸው፤ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመሩ። እንዲህ ከሆነማ በጣም ጥሩ፤ አሜሪካ ያደጉ የኮሪያ ልጆች ሲመጡም እንዲሁ ያደርጋሉ። ቤተሰብ የሚረዳው አስተማሪ በሱጂን እርከን ይከፈለዋል፤ ቤቱን ደግሞ አባት ይይዝለታል። ለሷም ክብር ነው። ለቤቱ መያዣ አባቷ አሥር ሚሊዮን ዎን ያስገባሉ፤ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ገደማ ማለት ነው። ይህ ካልተስማማም አይቸገሩ፤ ቦታውን የምትጠብቅ አንዲት አየርላንዳዊት አለች።

ሐጂ አወል ዘጠኝ ሺህ ብለው ለራሳቸው ደገሙት። ኑሩ እንደቆመ ቀረ። በባንክ ደብተሩ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር አለው፤ እሱም የነገ ነዳጅ ነው። ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በገዛ አፉ፣ ልጁን ከነፃ ቤት አስወጥቶ፣ ደመወዟን አስቀንሶ፣ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ዕዳ ጭኖባታል፤ ይህን ሁሉ ያደረገው ሊያከብራት ነው።

ወደ ሩመይሳ ዞረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። አባቴ እንዲያው ነው፣ እኔ ነኝ የማግዛቸው ብትል ቤቱም ደመወዙም ይመለስላታል። የምትናገረውን ፈጣን እንግሊዝኛ ሐጂም ጋሼም በቅጡ አይከታተሉትም፤ ሹክ ብትል ይበቃል። እሷ ግን ሳምቡሳውን እያየች ዝም አለች። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እየሄደ፣ ሥራው ከእጇ እየወጣ፣ የሱን ስም ላለማንሳት ዝም አለች። ሦስት ዓመት ፖስታውን ዝም ብላ እንዳስቀመጠች ሁሉ አሁንም ዝም አለች። ኑሩ በልጁ የዚያን ያህል ኮርቶ አያውቅም፤ በራሱም የዚያን ያህል አፍሮ አያውቅም።

ተቀመጠ፤ ከረባቱን ላላ አደረገ። አስተርጓሚ አልፈለገም። ሻንጣ ሲያወርድ በሚጠቀምበት እንግሊዝኛ ራሱ ለወይዘሮ ቾይ ተናገረ፤ ዋሸሁ አላቸው። ከዚያ ሐጂና ጋሼ እንዲሰሙት ብሎ በአማርኛ ደገመው።

«እኔ አይደለሁም የምረዳት። እሷ ናት የምትረዳኝ። የቤቱን ሞርጌጅ አብራን መክፈል ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሷም አመሰግናለሁ ብዬ አላውቅም።»

ሩመይሳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኑሩ አሁን መሬት ተከፍታ ትውጠኝ እያለ ከፊት ለፊቱ ያለውን ትሪ ሲያይ፣ ሐጂ አወል ሳል ሳል አሉ። የሱቃቸውን ኪራይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምትከፍለው ነርሷ ልጃቸው ናፊሳ እንደሆነች ተናገሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንዳይወጣም አሉ። ጋሽ ገብረሕይወት በተራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸው የቤት ኪራይ ከፍለው አያውቁም፤ ልጃቸው ነው የሚከፍለው፤ መነጽሩም የሱ ነው፤ ከረባቱም የሱ ነው። ከወጥ ቤት በር ላይ ደግሞ ዘይቱና፣ የተቀመጣችሁበትን ሶፋ ማን የገዛው መስሏችሁ ነው ስትል ሦስቱም ወንዶች እኩል ዘወር ብለው ሶፋውን አዩት።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት ጋሼ ናቸው። ኑሩ ግን እንባው እስኪወርድ፣ ጎኑን ይዞ፣ እንደዚያ ስቆ አያውቅም፤ ሐጂ ትራሱን ተደግፈው ሳቁ፤ ሩመይሳ እያለቀሰችም እየተረጎመችም ሳቀች፤ ላፕቶፑ ከትራሱ ላይ ተንሸራቶ ዴጉ ጣራውን አየች። ሲያቃኑት ሱጂንም ዓይኗን እየጠረገች ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቷ ሆኖ ካልሲዋን እናቷ እንደምታጥብላት ተናዘዘች። ወይዘሮ ቾይም አልቀረላቸውም፤ ሴኡል ውስጥ የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ አላቸው፤ የመኪናውን ዕዳ እስከ ዛሬ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ያንን ልጅ ለሁለት ዓመት ኬንት ልላክላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ዘይቱና ይምጣ አለች፤ ፍሪጁ ላይ ቦታ አለ።

ወይዘሮ ቾይ የጻፉትን ሰረዙ። ቤቱ ተመለሰ፤ ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺው ተመለሰ፤ ቲኬቱም እንዳለ ቆየ። ጋሽ ገብረሕይወት የሱጂንን ነገር እንደገና አነሡ፤ ዳይሬክተሯም አስብበታለሁ አሉ። ሩመይሳ ውሉን ሳይን አድርጋ ልትልክ ኢሜይሏን ስትከፍት ኑሩ እጇን ያዘ።

ውሉ ላይ የትምህርት ቤቱ ግዴታ አለ፤ የአስተማሪዋ ግዴታ አለ፤ የአባት የሚል ግን የለም። እንዲጻፍ ፈለገ። ሩመይሳ እንዲህ ዓይነት ውል የለም አለችው፤ እሱ ዛሬ ይኖራል አላት። ስለዚህ ወረቀቱን ፕሪንት አደረጉና በኅዳጉ ላይ በእጇ፣ እሱ እየነገራት ጻፈች፤ አባቷ ኑሩ በየወሩ ሃምሳ ዶላር ይልክላታል። ጋሼ ሃምሳ የሚለው በፊደልም ይጻፍ አሉ፤ ተጻፈ። ዘይቱና ይህ ለምን ያስፈልጋል ብላ ልትጀምር ስትል የባሏን ፊት አየችና ተወችው።

ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱ ከዴጉ ስካን ሆኖ ተመለሰ። ከፊርማዎቹ ሥር የወይዘሮ ቾይ ቀይ ማኅተም አለ። ኅዳጉ ላይ፣ ከሃምሳው ዶላር አጠገብ ደግሞ ሌላ ቀይ ማኅተም፣ ለብቻው።

ሩመይሳ በነሐሴ ሄደች። ከደመወዟ አምስት መቶ ዶላር እየቀነሰች ለቤቱ ትልካለች፤ በሐጂ አወል ሱቅ በኩል። በመጀመሪያው ወር ኑሩ አምስት መቶውን ሲቀበል ሃምሳውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ቆጥሮ ላከ። በሳምንቱ ደወለችለት። ድምፅዋ ይስቅ ነበር። ሃምሳውን ምን እንዳደረገችው ነገረችው፤ ሱጂንን ከሌሎቹ አስተማሪዎች ጋር ይዛ ወጥታ ዓሣ አብልታቸዋለች። ሱጂን ደመወዟ መቶ ሺህ ዎን ተጨምሮላት ነበርና እኔ ልክፈል ብላ ብትታገልም ሩመይሳ አልፈቀደችላትም።

«ዛሬ የጋበዘን አባቴ ነው አልኳቸው» አለችው።

ኑሩ ያን ዕለት ሻንጣ ሲያወርድ ይዘፍን ነበር። አንዲት መንገደኛ ጉርሻ ስትሰጠው ዴጉ ውስጥ ሰው እንደጋበዘ ነገራት።

በሁለተኛው ወር ሐጂ አወል አልቻሉም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው እንደ ታላቅ ወንድም መከሩት። አምስት መቶ ይመጣል፣ ሃምሳ ይሄዳል፤ ለሁለቱም መላኪያ ይከፈላል። እኔ ነኝ የምጠቀመው፤ ገንዘብህ ነው የሚባክነው። ለልጅቷ ደውልላትና አራት መቶ ሃምሳ ብቻ ትላክ፤ ያው አይደል?

ኑሩ አምስት መቶውን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ። ከሌላኛው ኪሱ የራሱን ሃምሳ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ያው አይደለም፣ ሐጂ። ያኛውን የላከችው ልጄ ናት። ይሄንን የሚልከው አባቷ ነው። ይጻፉልኝ።»

ሐጂም ጻፉለት።